እህትዓለም በእጇ ያለችው

ጥቅምት 6

እትዬ፣

መልስ ያዘገየሁት በስንፍና ነው። ሌላ ሰበብ ብፈጥርልሽ ምን ዋጋ አለው፤ ዕድሜሽን ሙሉ ምስክር ስታፋጥጪ የኖርሽ ሰው ነሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጡረታ ተስማምቶኛል እያልኩ ለሰው አወራለሁ፤ ይሁን እንጂ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ደወል በፊት ተነሥቼ፣ ተላጭቼ፣ ከረባቴን አስሬ ቁጭ ነው። ባለቤቴ "ወዴት ነው?" ትለኛለች። "የትም" እላታለሁ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ካርታ እያየሁ ሻዬን እጠጣለሁ። ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው የትም ሳይሄድ መኖር ይችልበታል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ከሰላምታው ቀጥሎ፣ ያለ ምንም መግቢያ፣ "እህትዓለም 'ክር' የምትለው እንዴት ነበር?" ብለሽ ጽፈሻል። ደጋግሜ አነበብኩት። እህታችን ካረፈች ወዲህ እኔና አንቺ ስለ እሷ ያወራነው ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ፣ አንቺም እንደዚያው። ምን አነሣብሽ?

የጠየቅሽው ግን ትክክለኛውን ሰው ነው። አንቺ የመጀመሪያዋ ስለሆንሽ አባታችን አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባሽ፤ እኔ የመጨረሻው ቤት ቀረሁ። እሷ ከመካከላችን ናት፤ ከልጅነት ሕመሟ ወዲህ ጆሮዋ የማይሰማ፣ አንደበቷ የማይፈታ። የልብስ ስፌት መኪናዋ ሥር ተቀምጬ ያደግሁት እኔ ነኝ። የእጅ ቋንቋ የሚያስተምር ሰው በአካባቢያችን አልነበረም፤ የሚያስፈልገንን ቃል ሁለታችን ራሳችን እናወጣው ነበር። የተጣላን ቀን ደግሞ ስድብ እንፈጥራለን።

"ክር" እንዲህ ነው፦ አውራ ጣትሽንና ሌባ ጣትሽን ገጥመሽ ከከንፈርሽ ጫፍ ታነሺና ወደ ጎን ትስቢያለሽ፤ ክሩን በምራቅ አርጥቦ መርፌ ዓይን ውስጥ እንደሚያስገባ ሰው። ትንሿ ጣት ቀና ትበል። ለመጻፍ ይህን ያህል ቃል ፈጀ፤ በእጅ ግን ጥቅሻ ያህል ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ሳላዘው አደረገው።

ሌላም ነገር አለ። የንባብ ቤታችሁ ማኅበር ጸሐፊ ጽፋልኛለች። በንባብ ቤቱ በር ላይ ስምሽን ሊያስቀርጹ ነው፤ ለዚያ ቀን የልጅነትሽን ነገር ጻፍልን ብላኛለች። አንቺ በየደብዳቤሽ እንደ ዘበት ጣል የምታደርጊውን እሷ አንድ ላይ ሰበሰበችው፦ ንባብ ቤቱ፣ የአምቡላንሱ ማኅበር፣ የወንዝ ማዶው የውሃ መስመር፣ እስር ቤት ገብተሽ የምታስተምሪው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ድሃ በነፃ የምታማክሪበት ጠረጴዛ። ተሰብስቦ ሳየው የማላውቃት ሴት መሰለችኝ። "ሕዝቡ 'እትዬ ፊርማ' ነው የሚላቸው" ትላለች። እውነት ነው? ለምን? ደግሞስ ገና ከጅምሩ ምን ገፋፍቶሽ ገባሽበት? ስልክስ ስደውል ለምን አታነሺም?

ታናሽሽ

ጥቅምት 21

ማሙሽ፣

ስድሳን የተሻገረ ሰው ማሙሽ አይባልም ብለህ እንዳትቆጣ። ከእኔ ቀድመህ ካልተወለድክ በቀር የሚሻሻል ነገር አይደለም። ባለቤትህን ሳምልኝ። ከረባቱን ግን አውልቀው፤ ጡረታ የወጣ አንገት እረፍት ይገባዋል።

ስለ "ክር" እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤህን ይዤ ቢሮዬን ዘግቼ ጣቴን ከከንፈሬ እያነሣሁ ስለማመድ ጸሐፊዬ በመስኮት አይታኛለች። ከሰዓት በኋላ ጥርሴን ያመኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ምን አነሣብሽ ላልከው፣ አሁን ልነግርህ አልችልም፤ ይቅርታ አድርግልኝ። የራሴ ነገር ቢሆን እነግርህ ነበር። የሰው ጉዳይ ነው፤ የሰው ጉዳይ ደግሞ ችሎት ሳይሰማው በፖስታ አይላክም። አሁንም እጠይቅሃለሁ፣ አንተም ታግሠህ መልስልኝ። "የእኔ" እንዴት ትላለች? "ትናንት"ስ? "ነገ"ስ? አንድን ሰው "ይዋሻል" ለማለት ምን ታደርጋለች?

ደግሞ ይሄን ንገረኝ። አንድ ሰው ቅዳሜ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። አራት ጣቱን ከላይ፣ አውራ ጣቱን ከታች አድርጎ እንደ ወፍ ምንቃር ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ከዚያ ወደ እኔ ይጠቁማል። የራበው መስሎኝ ምሳ አስመጣሁለት። በጨዋ ደንብ በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ተመልሶ መጥቶ ያንኑ ምንቃር ከፈተ ዘጋ። ይሄ ምንድን ነው?

"እትዬ ፊርማ" የወጣልኝ በውሃ መስመሩ ጊዜ ነው። ከደጅ ደጅ እየዞርኩ ሰው አስፈርም ነበር፤ እያደር ሰዉ እኔን ሲያይ ነገሩን ሳይጠይቅ ብዕር ማውጣት ጀመረ። ዳቦ ጋጋሪው አንድ ቀን የዳቦ ዋጋ ልከፍለው ቦርሳዬን ስከፍት "የት ጋ ነው?" ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። በስሙ አልተቀየምኩም። ከዚያ የባሰ ስም ያላቸው ጠበቆች አውቃለሁ።

ስለ ጅማሬው ሌላ ጊዜ። ስልክ ለምን አታነሺም ላልከው ደግሞ፣ ስልክ አልወድም። ደብዳቤ ሰውን አያቋርጥም።

እትዬህ

ኅዳር 5

እትዬ፣

ሳምኩልሽ። ከረባቱን አላወለቅኩም።

"የእኔ" እና "እኔ" እንዳይምታቱብሽ፤ ፍርድ ቤት ከሆነ ልዩነቱ ቤት ያሳጣል። "እኔ" ደረትን በአንድ ጣት መንካት ነው። "የእኔ" ግን መዳፍን ሙሉ በሙሉ ደረት ላይ ለጥፎ ትንሽ መጫን። "ትናንት" አውራ ጣትን በትከሻ ላይ ወደ ኋላ መወርወር ነው። "ነገ" ወደ ፊት የሚጠቁም እንዳይመስልሽ፤ ጉንጭሽን መዳፍሽ ላይ አስተኝተሽ ዓይንሽን ትከድኚና ብልጭ አድርገሽ ትገልጪዋለሽ። ተኝተን ስንነሣ ማለቷ ነው።

"ይዋሻል" የምትለውን ሳስታውስ ብቻዬን ሳቅኩ። ልብስ ሰፊ ዋናውን ስፌት ከመስፋቱ በፊት ጨርቁን በላላ ክር ለጊዜው ይይዘዋል አይደል? በእጇ ያንን የላላ ስፌት ረዘም ረዘም አድርጋ ትሰፋና በአንድ ጊዜ ምዝዝ አድርጋ ትስበዋለች። ጨርቁ ተለያየ። ዋሸ ማለት ይኼ ነው። አባታችን እንግዳ ሲመጣ ስለ ሹመቱ ሲያወራ፣ እሷ ከማዶ ሆና ክሩን ስትስብ፣ እኔ ከክፍሉ እየሮጥኩ እወጣ ነበር።

የወፉን ምንቃር ነገር ግን ልለይልሽ አልቻልኩም። ብዙ ዘመን ሆነ። ሌላ ነገር ይሆናል፣ እሷ ያላለችውም ይሆናል። አትጨነቂበት።

አሁን እኔም ልጠይቅ። የምትጠይቂኝ የአንድ ሰው ንግግር ነው፣ ትዝታ አይደለም። በዚህ ምድር ላይ የእህትዓለምን እጅ የሚያናግር ሰው ከእኔ በቀር አለ ማለት ነው? እንቅልፍ ነሣኝ። ባለቤቴ "ጻፍላትና ጠይቃት፣ እኔ ላይ አትገላበጥ" ብላኛለች።

የማኅበሩ ጸሐፊም ጽሑፉ የት ደረሰ እያለች ነው። ምን ልጻፍላት? "የምሕረትና የርኅራኄ መንፈስ ከልጅነታቸው" ብዬ ጀመርኩና ቀደድኩት። አንቺ በልጅነትሽ ርኅሩኅ አልነበርሽም፤ ብርቱካን ስትከፍዪ ትልቁን ነበር የምትወስጂው። እኔ የማስበው፣ ይህን ሁሉ የደከምሽው ለእህትዓለም ባለመድረስሽ ይሆናል። ተሳሳትኩ?

ታናሽሽ

ኅዳር 17

ማሙሽ፣

ተሳስተሃል። ስለ ብርቱካኑ ግን ልክ ነህ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ጉዳዩ በግልጽ ችሎት ስለተሰማ አሁን ልነግርህ እችላለሁ። ያ ምንቃር የሚያደርገው ሰው ሴት ናት። ከእህትዓለም እግር ሥር ቁልፍ ስትለቅም የነበረች፣ እንደ እሷው መስማት የማትችል አንዲት ትንሽ ልጅ ታስታውሳለህ? አንተ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ልትሄድ ስትል የመጣችው። እሷ ናት። ዛሬ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ከገበያው በስተጀርባ የራሷ ልብስ ስፌት ቤት አላት፤ ስፌቷን የሚያውቅ ሁሉ ሌላ ጋ አይሄድም። እናቷ ስትሞት ቤቱን ለእሷ ተናዘዘችላት። ይኼኔ በአባት የሚገናኛት ወንድሟ ከሩቅ መጥቶ አቤቱታ አስገባ። አትሰማም፣ አትናገርም፣ ፊደል አልቆጠረችም፤ ራሷንም ንብረቷንም ማስተዳደር ስለማትችል እኔ ሞግዚት ልሁንላት ነው የሚለው። ሞግዚት ከሆነ ቤቱን እንደሚሸጠው ገበያው በሙሉ ያውቃል።

ቅዳሜ ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ እጇን ስታነሣ ትንሿ ጣቷ ቀና አለች። እህትዓለምን አየኋት። ጥብቅናውን ያለ ክፍያ ያዝኩት፤ ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

ችግሩ ወዲህ ነው። ሕጉ መስማት የማይችል ሰው በአስተርጓሚ ይናገራል ይላል። ከዋና ከተማ የመጣው አስተርጓሚ ትምህርት ቤት የተማረውን ቋንቋ ያውቃል፤ የእሷን ግን አያውቅም። አንዱንም ሳይረዳት ተመለሰ። የወንድሟ ጠበቃ ወዲያው ተነሥቶ ይኸው፣ ቋንቋ የላትም አለ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ደግሞ አንተ የጻፍክልኝን ጥቂት ቃል ነው የያዝኩት። ቢሆንስ፣ ጠበቃዋም ምላሷም እኔ ልሆን አልችልም። ዳኛው ጉዳዩን ለታኅሣሥ ቀጠሩት።

ና አልልህም። መንገዱ ረጅም ነው፣ ወገብህንም አውቃለሁ። እንዲያው እንዲህ ሆነ ብዬ ነው።

ስለ ጅማሬው ደግሞ። አዲስ ጠበቃ ሆኜ ቢሮ ስከፍት ደንበኛ አልነበረኝም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከፊት ለፊት ካለው አዳራሽ አንድ ሰውዬ አንገቱን በበሩ አስገብቶ "ስብሰባ ላይ ወንበር አነሰን፣ ካልተቀመጡበት ያበድሩን" አለኝ። ሁለቱንም ወንበሮቼን ሰጠሁ። ከዚያ ቢሮዬ ውስጥ የምቀመጥበት ስላልነበረ ተከትዬያቸው ሄጄ ቆሜ ሰማሁ። ስለ ውሃ ነበር የሚከራከሩት። ሲመሽ ሳይስማሙ ተበተኑ፤ እኔም መጨረሻውን ለማወቅ በቀጣዩ ሳምንት ሄድኩ። ማሙሽ፣ እውነቱ ይኼ ነው። መጨረሻውን ለማወቅ ነው የሄድኩት። መጨረሻ የለውም። ውሃው ሲገባ ቧንቧው ይሰበራል፤ ቧንቧው ሲጠገን ልጆቹ የሚያነቡበት ቦታ የለም ይላል አንዱ፤ እሱን ስትይዝ የሌላው እናት አምቡላንስ አጥታ ሞተች። ጽድቅ ብለህ እንዳትጽፍልኝ። ጉጉት ነው።

እትዬህ

ኅዳር 26

እትዬ፣

ና አልልህም ያልሽውን ባለቤቴ ጮክ ብላ አነበበችና ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣችው።

እመጣለሁ። ቀጠሮው ሳይደርስ ጥቂት ቀን ቀደም ብዬ እገባለሁ፤ ከሴትዮዋ ጋር ቁጭ ብዬ እጄን ማፍታታት አለብኝ። ከእህትዓለም በኋላ ያን ቋንቋ ያወራሁት ሰው የለም። አሁን መስተዋት ፊት እየቆምኩ እሞክራለሁ፤ አንዳንዱ ቃል ወዲያው ይመጣል፣ አንዳንዱ ጋ እጄ አየር ላይ ይቀራል፤ ስሙን የረሳሁት ሰው መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ እንደሚሆነው ነው። ያኔ ልጆች ነበርን፤ ያወጣናቸው ቃላት የልጅ ናቸው። "ሞግዚት" የሚል የለንም። "ውርስ" የሚል የለንም። እሷ ያለ እኔ ከልጅቷ ጋር ስንቱን አዲስ ቃል አውጥታ ይሆን? ይኼ ነው የሚያጓጓኝም የሚያስፈራኝም።

ካርታው ላይ መንገዱን አየሁት። ተማሪዎቼን በጣት ስንት ጊዜ አሳለፍኳቸው፤ ራሴ ግን አልሄድኩትም።

የማኅበሩ ሰዎች አውቶቡስ ጣቢያ አበባ ይዘው እንዳይጠብቁኝ አደራ።

ታናሽሽ

ታኅሣሥ 20

ማሙሽ፣

በሰላም መግባትህን ባለቤትህ ጽፋልኝ አረፍኩ። ወገብህን በሙቅ ውሃ ያዘው። ክፍሉ አንተ ከሄድክ ጀምሮ ሰፍቶብኛል።

ውሳኔው ገና ነው፤ ዳኛው ለጥር መጨረሻ ቀጥረዋል። እስከዚያ ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ አንድ ነገር ደግሞ ትነግረኛለህ።

አንተ ከችሎት ስትወጣ ውስጥ የሆነውን አላየህም። የወንድሟ ጠበቃ "አስተርጓሚው የተከሳሽዋ ጠበቃ ወንድም ነው፣ እህቱ የምትፈልገውን ነው የሚያወራው" ብሎ ሲቃወም፣ እውነት ለመናገር በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እቃወም ነበር። አንተን ከፖሊሱ ጋር ኮሪደር ላይ አቆሙህ፤ እኔን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እንድቀመጥ አዘዙኝ። ስለዚህ ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ የችሎቱ ጸሐፊ ነው። ዳኛው ከወንበራቸው ወርደው ፊቷ ቆሙ። በጣታቸው ዓይኗን አመለከቱ፣ ራሳቸውን አመለከቱ፣ በሩን አመለከቱ። ያየሽውን ለእሱ ንገሪው ማለታቸው ነው። ልብስ ሰፊዋ ወዲያው ገባት። ዳኛውን አንድ ጊዜ ዞረቻቸው። የቀኝ እጅጌያቸውን አየች፣ የግራውን አንሥታ ብብታቸው ሥር ተመለከተች። ዳኛውም እንደ ልጅ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙላት። ከዚያ ራሷን ነቀነቀችና ቦታዋ ተመለሰች።

አንተ ገብተህ ያልከውን አንተው ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን መጻፉ ደስ ስለሚለኝ እጽፈዋለሁ። "ክቡር ዳኛ፣ የካባዎ የግራ እጅጌ ተገልብጦ ነው የተገጠመው ትላለች። የሰፋው ሰው ሙያ አያንሰውም፣ ቸኩሎ ነው። ያውልቁልኝና ነገ አደርስልዎታለሁ፤ ዋጋውን ግን መጀመሪያ እንነጋገር ትላለች።"

ዳኛው እጃቸውን አንሥተው አወረዱ። "ክንዴን የሚያመኝ በዕድሜ መስሎኝ ነበር" አሉ። ያን ጊዜ ነው አዳራሹ የሳቀው። ራሷን ማስተዳደር አትችልም የተባለችው ሴት ከዳኛ ጋር ዋጋ ልትደራደር መሆኑ ከሁሉ ቀድሞ የገባው ለወንድሟ ጠበቃ ይመስለኛል፤ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ።

አሁን የእኔ ጥያቄ። መጨረሻ ላይ ያ ጠበቃ "እሷ ናት ጠበቃዋን የመረጠችው ወይስ ጠበቃዋ ናት እሷን የፈለገቻት?" ብሎ ጠየቀ። ልብስ ሰፊዋ ረጅም መልስ ሰጠች፤ መሐሉ ላይ ያንን ምንቃር አደረገች። አንተ ዝም አልክ። ዳኛው "ተርጉም እንጂ" እስኪሉህ ዝም አልክ። ከዚያ "የስፌት አስተማሪዬ፣ ችግር ከመጣብሽ ወደ እህቴ ሂጂ ብላኛለች" አልክ። ድምፅህ ልክ አልነበረም። ቤት ስንገባ ልጠይቅህ ስል ራስህን አመመህ፤ በማግስቱም አመመህ፤ አውቶቡሱ ላይም አመመህ። የምታመልጠኝ ይመስልሃል? ያ ምንቃር ምንድን ነው?

እትዬህ

ጥር 2

እትዬ፣

ራሴን አላመመኝም።

ምንቃሩ አንቺ ነሽ። ስምሽ ነው። እህትዓለም ያወጣችልሽ ስም። አዲስ ቃል ስናወጣ ለሰውም እናወጣ ነበር፤ አባታችን ጢሙ ነበር፣ እኔ የተሸረፈች ጥርሴ፣ አንቺ ምንቃር። ምንቃሩን የጻፍሽልኝ ዕለት ገብቶኝ ነበር። ላልነግርሽ የፈለግሁት ትቀየሚያለሽ ብዬ ነው፤ ስለ እሷ የጠየቅሽኝ ስንት ዘመን ቆይተሽ ነው፣ "ለፍላፊ ትልሽ ነበር" ብዬ ልመልስልሽ?

ለዕረፍት ስትመጪ መኪናዋ አጠገብ ትቆሚና የተማርሽውን ሁሉ ታወርጂባት ነበር። ታሪክ፣ ሒሳብ፣ መምህራንሽ ያሉትን፣ ጓደኞችሽ ያሏቸውን። አፍሽ አያርፍም። እሷ አፍሽን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ከጠረጴዛው ሥር ምንቃሯን ትከፍትልኛለች። ክሩ እስኪበጠስ እንስቅ ነበር። አንቺ በቁም ነገርሽ የምንስቀው በወሬሽ ጣዕም ይመስልሽ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ችሎት ላይ ያለችው፣ አንድም ቃል ሳልጨምር፣ ይኼ ነው፦ "አስተማሪዬ ከመሞቷ በፊት፣ ሰው ቢበድልሽ፣ ያንቺ የሆነውን የእኔ ነው ቢልሽ፣ ወደ ምንቃሯ ሂጂ አለችኝ። ምንቃሯ የማይሰማትንም ሰው ታወራለች። ለእኔ ሙሉውን የምታወራኝ እሷ ብቻ ነበረች።"

እውነት ነው እትዬ። ያኔ ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ለእሷ ራሱን ነቅንቆ ያልፍ ነበር። እናታችን እንኳ "ነይ"፣ "ሂጂ"፣ "ብዪ" ነበር የምታሳያት። አንቺ ግን እንደሚሰማ ሰው ቆመሽ፣ ፊት ለፊቷ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታወሪያት ነበር። እኔ ቂልነት ይመስለኝ ነበር። እሷ እንዴት እንደወሰደችው ችሎት ውስጥ ቆሜ፣ በሌላ ሰው እጅ ነው ያወቅሁት። ዝም ያልኩት ለዚያ ነው። ደግሞ በመሐላ ቆሜ "ምንቃር" የሚለውን "እህቴ" ብዬ ለወጥኩት። ይኼ የሚያስጠይቅ ከሆነ ጠበቃ ስለሆንሽ ነፃ ምክር ስጪኝ።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። ቤትሽ በቆየሁበት ጊዜ ከቀኝሽ ሆኜ ሳወራሽ አትመልሺም። ማንቆርቆሪያው ሲጮህ የምነሣው እኔ ነበርኩ። ጆሮሽን ምን ሆነሽ ነው? ስልክ አልወድም ያልሽኝ ለዚህ ነው?

ታናሽሽ

የካቲት 9

ማሙሽ፣

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ፣ ብዙ ጊዜም ተነሣሁ። ማዘግየቴን ይቅር በለኝ። አልተቀየምኩም። በሕይወቴ የተሰጠኝ ስም ብዙ ነው፤ ይሄኛውን ለማንም አልሰጥም።

መሐላህን በተመለከተ፦ ዳኛ ፊት "ምንቃር" ብትል ኖሮ ጉዳዩን ለማስረዳት ሌላ ቀጠሮ ያስፈልግ ነበር። የፍርድ ቤቱን ጊዜ ቆጥበሃል። ምክሩ ነፃ ነው።

ውሳኔው ተነበበ። ዳኛው አቤቱታውን ውድቅ አድርገውታል። ንግግሯን የሚረዳ ሰው ጥቂት መሆኑ ማሰብ አትችልም አያሰኝም ብለዋል፤ ቤቱም ሥራውም የራሷ ነው፣ ሞግዚት አይሾምም። ውሳኔውን ያነበቡት ሁለቱም እጅጌው የተስተካከለ ካባ ለብሰው ነው። እኔ ከእሷው በተማርኩት እጅ እየተረጎምኩላት መዳፏን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆየች፤ "የእኔ" ነው ወይስ ልቧን መያዟ ነው አልለየሁም፣ አልጠየቅኋትምም። ወንድሟ ብዙም ሳይቆይ ሱሪ ሊያሳጥር ሱቋ መጣ። አሳጠረችለት። ሙሉውን አስከፈለችው።

የበሩ ጽሑፍም ተመረቀ። ስሜን አሳስተው ቀርጸው ነበር፣ አስፈርሜ አስቀየርኩት። የላክኸውን ጽሑፍ የማኅበሩ ጸሐፊ አነበበችው። ስለ ብርቱካኑ መጻፍህን እተውልሃለሁ፤ የምንቃሩን ግን ያነበበችው እጇን እያሳየች ስለሆነ፣ አሁን ገበያ ባለፍኩ ቁጥር ሰዉ ብዕር ማውጣቱን ትቶ ምንቃር ይከፍትልኛል። ዳቦ ጋጋሪው በሁለት እጁ ነው የሚያደርገው።

አዎ፣ ጆሮዬ። ቀኙ ከሄደ ቆይቷል፤ ግራውም ተከትሎታል። ሐኪሙ ዓይን ዓይኔን እያየ በቀስታ ነገረኝ፤ እኔም "ጮክ ይበሉ" አልኩት። የደበቅሁህ እንዳታዝንልኝ ነው። ችሎት መቆሙን በሰኔ እተዋለሁ። ቅዳሜን ግን አልተውም፤ ልብስ ሰፊዋ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ የሚያመልጠኝን ከሰው ፊት እያነበበች በእጇ ትነግረኛለች። የምታክልበት አስተያየት ብዙውን ጊዜ የላላ ስፌት መሳብ ነው።

ይኸውልህ፣ ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ መጣ። ከአጎራባች ከተማ፣ የግንብ ሠራተኛ፣ መስማት አይችልም፤ ይህን ያህሉን የነገረን በመልክ የሚያውቀው አንድ ባለጉዳይ ነው። የልብስ ሰፊዋን ነገር ከማን እንዳወቀ አላውቅም። ጠረጴዛው ፊት ቆሞ እጁን ሲዘረጋ ሁለታችንም ተዘጋጅተን ነበር። አንዱንም አልተረዳነውም። የእሱ እጅ ሌላ ነው፣ ከባድ ነው፣ ከትከሻው ነው የሚነሣው፤ ድንጋይ የሚያነሣ ይመስላል። ልብስ ሰፊዋ የራሷን ሞከረች፣ እሱ ራሱን ነቀነቀ። እኔ በአፌ ሞከርኩ፣ ሳቀብኝ። ወንበር ሰጠነው። ሌሎቹ ባለጉዳዮች ወረፋቸውን ትተው ከበቡን፤ እያንዳንዱ የራሱን ግምት ይሰነዝራል። ቤቱ ፈርሶበት ነው? ልጁ ከድቶት ነው? አጥር ተገፍቶበት ነው?

እስከ ቀትር ተቀመጥን። እስካሁን ሁለት ቃል አለን፦ "ውሃ" እና "አይደለም"። ለቅዳሜ ተመለስ አልነው፣ ጉንጫችንን መዳፋችን ላይ እያስተኛን፣ ደጋግመን፣ ሰባት ሌሊት እስኪሞላ። የገባው ይመስለኛል።

እትዬህ